የፖሊኖሚያል ዜሮ በየት እንዳለ ስለ መፈለግ

ከኮልፌ አጠና ተራ ተነሥቶ በምዕራብ በኩል ወደሚታየው ወደ ወጨጫ ተራራ ራስ የሚወጣ አንድ መንገደኛ ቢኖር፣ መነሻው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አይሞላም፣ የተራራው ራስ ግን ከ3,300 ሜትር በላይ ነውና፣ በጕዞው ውስጥ ልክ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚቆምበት አንድ ስፍራ አለ። በስንት ሰዓትና በየትኛው ድንጋይ አጠገብ እንደ ሆነ ማንም ባይነግረው፣ ስፍራው መኖሩ አያጠራጥርም። መንገዱ ዳገትና ቍልቍለት የተቀላቀለበት ከሆነ ያን ከፍታ ሦስት ጊዜ ወይም አምስት ጊዜ ሊያቋርጠው ይችላል፤ ጭራሽ ሳያቋርጠው ግን ከራሱ አይደርስም። ወፍም ብትሆን በአየር ላይ ያንኑ ከፍታ ሳታልፍ ከታች ወደ ላይ አትገኝም።

የሒሳብ ሊቃውንት የመካከለኛ ዋጋ ሕግ የሚሉት ይህን ነው። በ2002 ዓ.ም. በታተመው በ10ኛ ክፍል የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ፣ ስለ ፖሊኖሚያል በሚናገረው ምዕራፍ፣ ሎኬሽን ቴረም ተብሎ ተጽፎአል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ ብዙው ተማሪ ቃሉን በቃሉ ያጠናዋል፤ ምሥጢሩን ግን ሳይጨብጥ ያልፋል። በዚህም የተነሣ አንድ ስሕተት ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል፤ ሕጉ ያልተናገረውን እንደ ተናገረ አድርጎ መያዝ ማለት ነው። ያ ስሕተት ምን እንደ ሆነ ከዚህ በታች በምሳሌ ይታያል። አስቀድሞ ግን ስለ ሁለት ቃላት ማስረዳት ይገባል።

የመጀመሪያው ቃል ዜሮ ነው። በግዕዝ አኃዝ ከ፩ ጀምሮ እስከ ፻ና ፼ ድረስ ምልክት አለ፤ ለባዶ ግን ምልክት የለም። ይሁን እንጂ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ተካፍሎ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር አልቦ ማለትን ያውቃል። እዚህ የሚፈለገው ዜሮም ከዚያ የራቀ አይደለም። ምንም የሌለበት ባዶ ቤት ማለት ሳይሆን፣ ሚዛኑ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዘነብል የሚቆምበት ስፍራ ማለት ነው። ከሚዛኑ በአንዱ ወገን ያለው ትርፍ ይባል፣ በሌላው ወገን ያለው ጕድለት ይባል፤ መጻሕፍቱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ቃል ፖሊኖሚያል ነው። የማይታወቀው ቍጥር ሀ ቢባል፣ ሀ × ሀ በአጭሩ ሀ²፣ ሀ × ሀ × ሀ ደግሞ ሀ³ ተብሎ ይጻፋል። እነዚህ በታወቁ ቍጥሮች እየተባዙ፣ ከዚያም እየተደመሩና እየተቀነሱ የሚሠራው ስሌት ፖሊኖሚያል ነው። ከሁሉ የበለጠው ሀ³ ከሆነ ባለ ሦስት ዲግሪ ይባላል። በሀ ፈንታ አንድ ቍጥር ሲገባ ፖሊኖሚያሉ አንድ ዋጋ ይሰጣል፤ ዋጋው ባዶ የሚሆንበት ሀ የፖሊኖሚያሉ ዜሮ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው። በኮልፌ ቀራንዮ ዳር ከብት የሚያደልብ አንድ ሰው፣ አራቱም ጐኑ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ ላሜራ ገዝቶ፣ ልክ 120 ሊትር ውኃ የሚይዝ ገንዳ እንዲሠራለት ወደ ቆርቆሮ ሠሪ ሄደ ይባል። ባለሙያው ከአራቱ ማዕዘን አራት እኩል የሆኑ ካሬ ቍራጮች አውጥቶ፣ የቀረውን ጠርዝ ሽቅብ አጥፎ ይበይደዋል። ቍራጩ ትንሽ ከሆነ ገንዳው ሰፊና ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ቍራጩ ትልቅ ከሆነ ጠባብና ጥልቅ ይሆናል። ታዲያ ቍራጩ ስንት ይሁን? ላሜራ አንድ ጊዜ በመቀስ ከተቈረጠ ተመልሶ አይገጥምም፤ ገንዘቡም አይመለስም። ስለዚህ ስሌቱ ከመቀሱ መቅደም አለበት።

1 ሊትር ማለት ጐኑ፣ ስፋቱና ቁመቱ ዐሥር ዐሥር ሳንቲሜትር በሆነ ሣጥን ልክ ነውና፣ መለኪያው በዴሲሜትር፣ ይኸውም በዐሥር ሳንቲሜትር፣ ቢያዝ ሥራው ይቀላል። ላሜራው 12 ዴሲሜትር ይሆናል። የቍራጩ ጐን ሀ ቢሆን የገንዳው ጥልቀት ሀ ነው፤ የወለሉ ጐን ከሁለቱም ወገን ስለሚቀነስለት 12 − 2ሀ ነው። ስለዚህ ገንዳው የሚይዘው ውኃ ሀ × (12 − 2ሀ) × (12 − 2ሀ) ሊትር ይሆናል። ይህ ሲዘረዘር 4ሀ³ − 48ሀ² + 144ሀ ይወጣል። የተፈለገው 120 ከዚህ ላይ ሲቀነስና ሁሉም ለ4 ሲካፈል፣

ሀ³ − 12ሀ² + 36ሀ − 30

ይቀራል። ለ4 መካፈሉ ቍጥሩን ያሳንሰዋል እንጂ ጕድለቱን ትርፍ፣ ትርፉንም ጕድለት አያደርገውም። ሥራው እንግዲህ የዚህን ፖሊኖሚያል ዜሮ መፈለግ ሆነ።

መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሙሉ ቍጥሮችን በተራ ያስፈትን። ሀ ባዶ ቢሆን፣ ማለት ምንም ካልተቈረጠ፣ ዋጋው −30 ነው፤ ገንዳም የለም። ሀ 1 ቢሆን ዋጋው −5 ነው፤ በእርግጥም 10 × 10 × 1 መቶ ሊትር ስለሆነ ከ120 ሃያ ይጐድላል፣ ሃያም ለ4 ሲካፈል 5 ነው። ሀ 2 ቢሆን ዋጋው 2 ነው፤ ገንዳው 8 × 8 × 2፣ ማለት 128 ሊትር ይይዛልና ስምንት ተረፈ። ሀ 3 ቢሆን ዋጋው −3 ነው፤ 6 × 6 × 3 መቶ ስምንት ነውና እንደ ገና ጐደለ። በ4 ላይ −14፣ በ5 ላይ −25፣ በ6 ላይ ላሜራው ሁሉ ተቈርጦ ስላለቀ −30 ይሆናል። ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ዋጋ በሊትር ጭምር እንዲያመሳክሩት ማድረግ መልካም ነው፤ ቍጥሩ ውኃ መሆኑን ካላዩ ምልክቱን እንደ ጌጥ ይቈጥሩታልና።

ሕጉ እንግዲህ እንዲህ ይላል። አንድ ፖሊኖሚያል በአንድ ቍጥር ላይ ጕድለት፣ በሌላ ቍጥር ላይ ትርፍ ከሰጠ፣ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ዋጋው ልክ ዜሮ የሚሆንበት ቍጥር ቢያንስ አንድ አለ። በ1 ላይ ጐድሎ በ2 ላይ ስለ ተረፈ፣ በ1ና በ2 መካከል አንድ ዜሮ አለ። በ2 ላይ ተርፎ በ3 ላይ ስለ ጐደለ፣ በ2ና በ3 መካከል ሌላ ዜሮ አለ። ባለከብቱ አንድ ገንዳ ሲፈልግ ሁለት ዓይነት ገንዳ ተገኘለት።

ከላይ የተጠቀሰው ስሕተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ተማሪ ድካም ለመቀነስ ብሎ ጐዶሎ ቍጥሮችን ብቻ ቢፈትን፣ በ1 ላይ −5፣ በ3 ላይ −3፣ በ5 ላይ −25 ያገኛል። ሁሉም ጕድለት ነው። «ምልክቱ ስላልተለወጠ ዜሮ የለም» ብሎ ይጽፋል፤ ባለከብቱም «ከዚህ ላሜራ 120 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አይወጣም» ተብሎ ይመለሳል። ነገር ግን በ1ና በ3 መካከል አንድ ሳይሆን ሁለት ዜሮዎች ተደብቀዋል፤ ዋጋው ወጥቶ ተመልሶ ወርዷልና። ሕጉ «ምልክቱ ከተለወጠ ዜሮ አለ» ይላል እንጂ «ካልተለወጠ የለም» አይልም። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ምሥራቅ ዳር በማለዳ የታየ ሰው በማታ በምዕራብ ዳር ቢታይ ወንዙን ተሻግሯል። በማለዳም በማታም በምሥራቅ ዳር ቢታይ ግን አልተሻገረም ማለት አይቻልም፤ ሄዶ ተመልሶ ይሆናል። ይህን ልዩነት ያልያዘ ተማሪ ሕጉን አልተማረም፤ ቃሉን ብቻ ተሸክሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጠያቂ ተማሪ ደግሞ ሌላ ነገር ሊያነሣ ይችላል። ዋጋው ከጕድለት ወደ ትርፍ ሲሄድ ዜሮን ዘሎ ቢያልፍስ? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የሚዘል ነገር አለና። የአንድ ነጋዴ መዝገብ በጠዋት 30 ብር ዕዳ ቢያሳይ፣ በቀትር 50 ብር ቢገባለት፣ መዝገቡ ከ30 ብር ዕዳ ወደ 20 ብር ትርፍ ይዘላል፤ ልክ ባዶ የሆነበት ጊዜ የለም። ገንዳ በቧንቧ ሲሞላ ግን እንዲህ አይደለም፤ 120ኛውን ሊትር ሳይነካ 128 ላይ አይደርስም። ፖሊኖሚያል እንደ ውኃው እንጂ እንደ መዝገቡ አይደለም። ሀ ጥቂት ሲጨምር ሀ²ም ሀ³ም ጥቂት ብቻ ይለወጣሉ፤ እነርሱ በታወቀ ቍጥር ሲባዙና ሲደመሩም ለውጡ ጥቂት እንደ ሆነ ይቀራል። ድንገተኛ ዝላይ የሚያስገባ ነገር በስሌቱ ውስጥ የለም። ማካፈል የገባበት ስሌት ሌላ ነው፤ 1ን ለሀ የማካፈል ስሌት በ−1 ላይ −1፣ በ1 ላይ 1 ይሰጣል፣ በመካከል ግን ዜሮ የሚሆንበት የለም፤ በባዶ ማካፈል ስለማይቻል መንገዱ እዚያ ላይ ተቈርጧልና። ስለዚህ መምህሩ ሕጉን ከማስገባቱ በፊት መንገዱ ያልተቋረጠ መሆኑን ይጠይቅ። በፖሊኖሚያል ዘንድ መልሱ ሁልጊዜ አልተቋረጠም የሚል ነው።

መንገዱ ያልተቋረጠ መሆኑን ከሥዕል አይቶ ማመን ለረጅም ዘመን በቂ ሆኖ ኖሯል። በፕራግ ከተማ የነበረው ካህንና የሒሳብ ሊቅ በርናርድ ቦልዛኖ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1817 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዓይን አየ ማለት ማስረጃ እንደማይሆን ተናግሮ፣ ሕጉን ከቍጥር ባሕርይ ብቻ ለማስረዳት ተነሣ። በ1821 ፈረንሳዊው ኦጉስቲን ሉዊ ኮሺ በራሱ መንገድ ማስረጃ አቀረበ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው የቦልዛኖን አሳብ አይገርመውም፤ ሰሙን ሁሉም ያየዋል፣ ወርቁ ግን ካልተፈለገ አይወጣም።

ዜሮው በ1ና በ2 ዴሲሜትር መካከል መኖሩ ታወቀ፤ ይህ ብቻ ግን ለመቀስ አይበቃም። በ10ና በ20 ሳንቲሜትር መካከል ቍረጥ የተባለ ባለሙያ ምን ያደርጋል? ሕጉ የሚጠቅመው እየተደጋገመ ሲሠራበት ነው። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ስፍራ በዐሥር ይከፈልና ምልክቱ የሚለወጥበት ዐሥረኛ ይፈለጋል። በ1.4 ላይ ዋጋው −0.376 ነው፤ በ1.5 ላይ 0.375 ነው። እንግዲህ ዜሮው በ14ና በ15 ሳንቲሜትር መካከል ገባ። ይህም እንደ ገና በዐሥር ይከፈል። በ1.44 ላይ −0.057216፣ በ1.45 ላይ 0.018625 ይሆናል። አሁን ዜሮው በ14.4ና በ14.5 ሳንቲሜትር መካከል፣ ማለት በአንዲት ሚሊሜትር ውስጥ ተያዘ። በ14.4 የተቈረጠው ገንዳ 119.77 ሊትር ያህል፣ በ14.5 የተቈረጠው 120.07 ሊትር ያህል ይይዛል። ከዚህ በላይ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ባለሙያው በላሜራው ላይ የሚጭረው መስመር ራሱ ውፍረት ስላለው፣ የገንዳው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው ዜሮ በዚሁ መንገድ ይፈለጋል። በ2.6 ላይ 0.056፣ በ2.7 ላይ −0.597 ነው፤ በ2.60ና በ2.61 መካከል ደግሞ ምልክቱ ይለወጣል፣ በ2.61 ላይ −0.005619 ስለሆነ። ስለዚህ ሁለተኛው ገንዳ 26 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ይኖረዋል። ሁለቱም ያው 120 ሊትር ናቸው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው የሚጣለው ቍራጭ 8.4 ካሬ ዴሲሜትር ያህል ሲሆን፣ በሁለተኛው 27 ካሬ ዴሲሜትር ያህል ይጣላል። ለበግና ለጥጃ ጠፍጣፋው ይሻላል፤ ላሜራ ለሚቈጥብም እንዲሁ። ስሌቱ ሁለቱን አቅርቦ ዝም ይላል፣ መምረጡ የባለከብቱ ነው።

በዐሥር ከመክፈል ይልቅ በሁለት መክፈልም ይቻላል። መካከሉ ይፈተናል፤ ትርፍ ከሆነ ወደ ጕድለቱ ወገን፣ ጕድለት ከሆነ ወደ ትርፉ ወገን ያለው ግማሽ ይያዛል። ፈተናው ዐሥር ጊዜ ቢደገም ስፍራው 1,024 ጊዜ ይጠባል፤ አንዱ ዴሲሜትር ከሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ያነሰ ይሆናል። በሰሌዳና በጠመኔ ለሚሠራ መንደር ትምህርት ቤት ግን በዐሥር መክፈሉ ይመረጣል፤ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ አኃዝ ስለሚጨምርና ከሜትር ጋር ስለሚስማማ። በፍላንደር አገር የተወለደው ሲሞን ስቴቪን በ1594 ያሳየው ይህን በዐሥር የመክፈል መንገድ ነበር፤ ከቦልዛኖ ማስረጃ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ማለት ነው።

«ዜሮውን በቀጥታ የሚሰጥ ቀመር የለምን?» የሚል ሽማግሌ ቢኖር መልሱ አለም የለምም ነው። ለባለ ሦስት ዲግሪ ፖሊኖሚያል ጣሊያናዊው ጂሮላሞ ካርዳኖ በ1545 ቀመር አሳትሟል። ነገር ግን ያ ቀመር ለዚህ ገንዳ ቢሠራበት፣ ሦስቱም ዜሮዎች እውነተኛ ቍጥሮች ሆነው ሳለ፣ በመካከሉ የኔጋቲቭ ቍጥር ዳግም ዘር ይገባበታል፤ ይህም ለቆርቆሮ ሠሪ መንገድ አይሆንም። ባለ አምስት ዲግሪና ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ፣ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ዘር በማውጣት ብቻ ለሁሉም የሚሠራ ቀመር ሊኖር እንደማይችል ኖርዌያዊው ኒልስ ሄንሪክ አቤል በ1824 አስረድቷል። በማጥበብ መፈለግ እንግዲህ የድሀ መንገድ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ ያለው መንገድ እርሱ ብቻ ነው።

ከላይ ሦስት ዜሮዎች ተባለ፤ የተገኙት ግን ሁለት ናቸው። ሦስተኛው ሀ ከ6 በላይ ሲሆን ይገኛል። በ7 ላይ ዋጋው −23፣ በ8 ላይ 2 ነው፤ ስለዚህ በመካከላቸው ዜሮ አለ፣ ሲጠብብም 7.9ና 8 መካከል ይገባል። ሕጉ አልዋሸም፤ ስሌቱም አልተሳሳተም። ነገር ግን ከ12 ዴሲሜትር ላሜራ ከሁለቱም ጫፍ ስምንት ስምንት ያህል መቍረጥ የማይቻል ነው። መምህሩ ይህን ሦስተኛ ዜሮ ሳይደብቅ ያሳይ፤ ተማሪው ራሱ «ይህስ ለገንዳ አይሆንም» እስኪል ድረስ ይታገሥ። ባለ ሦስት ዲግሪ ፖሊኖሚያል ከሦስት የበለጠ ዜሮ ስለማይኖረው ፍለጋው እዚህ ያበቃል። ሦስቱም በተከታታይ ሙሉ ቍጥሮች መካከል ስለ ወደቁ አንዱም ሙሉ ቍጥር አይደለም። የሀ³ አባዢ 1 ሆኖ ሌሎቹም ሙሉ ቍጥሮች በሆኑበት ፖሊኖሚያል ዘንድ ክፍልፋይ የሆነ ዜሮ ስለማይገኝ፣ ከሦስቱ አንዱም በክፍልፋይ ተጽፎ አያልቅም። ስለዚህ 14.4ና 14.5 ብሎ ማጥበብ እንጂ «ልኩ ይህ ነው» ብሎ በአኃዝ መጨረስ አይቻልም።

ምልክቱ ሳይለወጥ ሲቀር ምን ይደረግ? ባለከብቱ 130 ሊትር ይሁንልኝ ቢል ፖሊኖሚያሉ ሀ³ − 12ሀ² + 36ሀ − 32.5 ይሆናል፤ ከ0 እስከ 6 የተፈተነው ሁሉ ጕድለት ይሰጣል፣ በ2 ላይ እንኳ −0.5 ነው። ቀድሞ እንደ ታየው ይህ ብቻውን ዜሮ እንደ ሌለ አያስረዳም፤ በመካከል የተደበቀ ሊኖር ይችላልና። ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ገንዳው የሚይዘው ውኃ በ4 ሲባዛ የሦስት ቍጥሮች ብዜት ነው፤ እነርሱም 4ሀ፣ 12 − 2ሀና 12 − 2ሀ ናቸው። ሦስቱ ሲደመሩ ሀ ስንትም ቢሆን 24 ይሆናሉ። ድምራቸው የተወሰነ ሦስት ቍጥሮች ብዜታቸው ከሁሉ የሚበልጠው እኩል ሲሆኑ ነው፤ እዚህም 8 × 8 × 8፣ ማለት 512። ለ4 ሲካፈል 128 ይወጣል። ከዚህ ላሜራ በዚህ ዓይነት አቈራረጥ ከ128 ሊትር በላይ የሚይዝ ገንዳ አይወጣም፤ 130 የጠየቀ ሌላ ላሜራ ይግዛ።

ለተማሪዎች መለማመጃ ይሆን ዘንድ፣ 120 የነበረው 100 ሊትር ይደረግ። ፖሊኖሚያሉ ሀ³ − 12ሀ² + 36ሀ − 25 ይሆናል። በ1 ላይ ዋጋው ልክ ዜሮ ስለሆነ አንዱ ገንዳ ያለ ድካም ይገኛል፤ ሁለተኛው ግን በ3ና በ4 መካከል ነው። ተማሪው እስከ ሳንቲሜትር ድረስ ያጥብበው፤ በ3.2 ላይ 0.088፣ በ3.3 ላይ −0.943 ካገኘ፣ ቍራጩ በ32ና በ33 ሳንቲሜትር መካከል መሆኑን በትክክል አግኝቷል።